ኢንዲያናዎች ለምን «ሁዠር» ይባላሉ?

ጥያቄው ከኢንዲያናፖሊስ የተጻፈ ነው። ጠያቂዋ እናት ናቸው። ትንሽ አሳጥሬ ላቅርበው፦

«እዚህ ከመጣን ሦስት ዓመት ሞላን። የምሠራው ዕቃ ማከማቻ መጋዘን ውስጥ ነው። ሰሞኑን የፈረቃ አለቃዬ ‹አንቺማ አሁን ሁዠር ሆነሻል› አለችኝ። ፈገግ ብዬ አለፍኩ እንጂ ምን እንዳለችኝ አልገባኝም። ሴንት ሉዊስ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ስነግረው ‹እንዴ! ሰድባሻለች እኮ› ብሎ አስደነገጠኝ። አራተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ደግሞ የዚሁኑ ቃል ትርጉምና አመጣጥ ጽፋ እንድትመጣ ታዛለች። ጎረቤታችን ያሉ ሽማግሌ ‹ማነው እዚያ?› ከሚለው የመጣ ነው ብለው ነገሯት። ባለቤቴ ከአንድ ጥቁር ሰባኪ ስም የመጣ መሆኑን አንብቤአለሁ ይላል። የቱን ትጻፍ? እኔስ መቀየም አለብኝ ወይ?»

አለቃዎ አልሰደበችዎትም። የአክስትዎ ልጅም አልዋሸዎትም። ጎረቤትዎ ለልጅዎ የነገሯት ግን ተረት ነው። ባለቤትዎ ያነበቡት ደግሞ ደህና ግምት ነው፤ ከግምት ግን አላለፈም። አራቱን አንድ በአንድ እናያቸዋለን።

መጀመሪያ አነባበቡን እናጥራ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲያዩት «ሁሲየር» ወይም «ሆዚየር» የሚል ይመስላል። የአገሩ ሰው የሚለው «ሁዠር» ነው። «ሁ» ጠበቅና ረዘም ትላለች። እንግሊዝኛ ለዚህ ድምፅ ራሱን የቻለ ፊደል የለውም፤ የእኛ «ዠ» ግን ቁልጭ አድርጋ ትጽፈዋለች። ልጅዎ በዚህ ከክፍል ጓደኞቿ ትቀድማለች።

ዛሬ ኢንዲያና ውስጥ የቃሉ ትርጉም አንድ ነው፤ የኢንዲያና ሰው ማለት ነው። ሌላ ምንም አልተደበቀበትም። አገረ ገዢው ንግግር ሲያደርግ ሕዝቡን በዚህ ስም ይጠራል። ብሉሚንግተን ያለው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ቡድኖች ስማቸው ይኸው ነው። በግዛቱ ደቡብ ያለው ብሔራዊ ደን ሁዠር ይባላል። ሎተሪውም ሁዠር ሎተሪ ነው። ልጅዎ የሕፃናት የጤና ሽፋን ካላት ምናልባት «ሁዠር ሄልዝዋይዝ» የሚል ደብዳቤ ቤትዎ ደርሶ ይሆናል። ያ የግዛቱ መንግሥት ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ሽፋን ስም ነው። ቃሉን የማያውቁ አዲስ መጤዎች «ይሄ ደግሞ የምን ማስታወቂያ ነው» ብለው እንዲህ ያለ ፖስታ ሲጥሉ አይቻለሁ። እባክዎ አይጣሉ፤ ከፍተው ያንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው የተሳሳተ ግንዛቤ ልምጣ። አብዛኛው ሰው አንድ ቃል ወይ ስድብ ነው ወይ ክብር ነው ብሎ ያስባል። እንዲህ ከሆነ ታዲያ «ባላገር»ን ምን ልንለው ነው? ቃሉ ሲፈታ የአገር ባለቤት ማለት ነው። ከዚህ በላይ ክብር ከየት ይመጣል? አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው መንገድ ሲሻገር ቢደናገጥና «አንተ ባላገር!» ቢባል ግን ክብር እንዳልተሰጠው ያውቃል። ያው ሰውዬ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ «እኔ እኮ የባላገር ልጅ ነኝ» ብሎ ደረቱን ይነፋል። ቃሉ አንድ ነው። የሚለየው ማን ለማን፣ የት ቆሞ እንዳለው ነው። ሁዠርም እንደዚሁ ነው። እንዲያውም ለዚህ ቃል ከአማርኛ አቻ ፈልግ ብባል የማመጣው «ባላገር»ን ነው፤ በስድብነቱ ጊዜ ደግሞ «ፋራ»ን።

ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ኢንዲያና 19ኛዋ ግዛት ሆና ኅብረቱን የተቀላቀለችው በታኅሣሥ 1816 ነው። በዚያ ዘመን ደቡባዊ ክፍሏን የሞሉት ሰዎች ከኬንታኪ፣ ከቨርጂኒያ፣ ከካሮላይናዎቹና ከቴነሲ የኦሃዮን ወንዝ እየተሻገሩ የመጡ ድሃ ገበሬዎች ነበሩ። ደን ይመነጥራሉ፤ ከግንድ ቤት ይሠራሉ፤ በቆሎ ይዘራሉ፤ ያድናሉ። አብርሃም ሊንከንም ከነዚህ አንዱ ነው። በ1816 ከኬንታኪ ከወላጆቹ ጋር ሲሻገር የ7 ዓመት ልጅ ነበር፤ እስከ 1830 ኢንዲያና ውስጥ ኖሯል። ሁዠር የሚለው ቃል የኢንዲያና ስም ሆኖ አፍ የፈታው በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ሰፈር ነው ማለት ይቻላል።

በጽሑፍ ላይ ቃሉ ብቅ የሚለው ትንሽ ቆይቶ ነው። በየካቲት 1831 የተጻፈ አንድ የንግድ ደብዳቤ አለ። ጸሐፊው ጀልባቸው «ኢንዲያና ሁዠር» ተብላ እንደምትሰየም ይናገራል። እንዲህ ያለ ማስረጃ ለእኔ ወርቅ ነው። ሰውዬው ስለ ቃላት ሊያስተምር አልተነሣም፤ ስለ ጀልባው ነው የሚጽፈው። ቃሉን አልተረጎመውም፤ ተቀባዩ ያውቀዋላ። ስለዚህ በ1831 ቃሉ የኢንዲያና ስም ሆኖ ሰው አፍ ላይ ነበረ፤ ጀልባ የሚሰየምበት ያህልም አያሳፍርም ነበር።

ቃሉ በሕትመት ዝነኛ የሆነው በጃንዋሪ 1 ቀን 1833 ነው። የሪችመንዱ ጆን ፊንሊ «የሁዠር ጎጆ» የሚል ግጥም ጽፎ አንድ የኢንዲያናፖሊስ ጋዜጣ በአዲስ ዓመት ዕለት አወጣለት። አንድ መንገደኛ በፈረስ ሲጓዝ ይመሻል፤ ከግንድ የተሠራች ጎጆ ያገኛል፤ ባለቤቱ ያስገባዋል። የአጋዘን ሥጋ፣ ወተትና የበቆሎ ቂጣ ይቀርብለታል። ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ አጮልቀው ያዩታል። ግጥሙ ይቀልዳል፤ ግን በፍቅር ነው። ጎጆዋ ድሃ ናት፤ እንግዳ ግን አትመልስም። የኢንዲያና ሰው ይህን አንብቦ «አዎ፣ እኛ ነን» አለ። ከሳምንት በኋላ፣ በጃንዋሪ 8፣ በአንድ የኢንዲያናፖሊስ ግብዣ ላይ ጆን ደብልዩ ዴቪስ የተባለ ፖለቲከኛ ጽዋውን አንሥቶ «ለሁዠሯ ግዛት ለኢንዲያና» አለ። በዚያው ዓመት የቀድሞው አገረ ገዢ ጄምስ ሬይ ያቋቋሙትን ጋዜጣ ስም «ሁዠር» አሉት። ስሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ከጎጆ ወጥቶ ግብዣና ጋዜጣ ላይ ተቀመጠ።

አሁን ልብ ይበሉ፤ ለልጅዎ ጽሑፍ ከሁሉ የሚጠቅመው ነጥብ ይሄ ነው። በዚያው 1833፣ በጥቅምት ወር፣ ጎረቤት ኦሃዮ ያለች ሲንሲናቲ ውስጥ የሚታተም ጋዜጣ «ይህ ቃል ከየት መጣ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ያኔም ሰው የየራሱን መልስ ይሰጥ ነበር። ቃሉ በታወቀበት ዓመት፣ ቃሉን ያወጡት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ፣ መነሻው አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ የተነገረው ሁሉ መልስ ሳይሆን ፍለጋ ነው።

ፍለጋው ግን ብዙ ጨዋታ ወልዷል። የጎረቤትዎን እንውሰድ። ድሮ በር ሲንኳኳ ባለ ጎጆው ከውስጥ «ሁዝ ይር?» ይል ነበር፤ «እዚያ ማነው?» ማለቱ ነው። ያ ሲደጋገም «ሁዠር» ሆነ ይላሉ። ራሱን «የሁዠር ባለቅኔ» ያሰኘው ጄምስ ዊትኮም ራይሊ ደግሞ ይህን ወስዶ አበላሸው፤ ወይም አሳመረው እንበል። የጥንት ኢንዲያናዎች መጠጥ ቤት ሲደባደቡ ጆሮ ይነካከሱ ነበር፤ በማግስቱ አንዱ ይገባና ወለል ላይ የወደቀውን በእግሩ እየገፋ «ሁዝ ኢር?» ይላል፤ «የማን ጆሮ ነው?» ራይሊ ይህን ሲያወራ እየቀለደ ነበር። የሚገርመው ዛሬ ከልባቸው የሚያወሩት ሰዎች መኖራቸው ነው።

ሌላም አለ። የወንዝ ጀልባ ሠራተኞች በድብድብ ማንንም «ጸጥ» ያሰኙ ስለነበር «ሀሸር» ተባሉ፤ ያ ተለውጦ ሁዠር ሆነ የሚል። ሌላው ደግሞ ሉዊቪል አጠገብ የኦሃዮን ፏፏቴ ለማለፍ ቦይ ሲቆፈር ሁዠር የሚባል ሥራ ተቋራጭ ነበረ፤ ከወዲያ ማዶ ያሉትን የኢንዲያና ሰዎች እየመረጠ ስለሚቀጥር «የሁዠር ሰዎች» ተባሉ ይላል። ቦዩ እውነት ነው፤ በ1830 ተከፍቷል። የተቋራጩን ስም ግን በመዝገብ ያገኘው የለም። ከነጮቹ በፊት በነበሩት ነባር ሕዝቦች ቋንቋ በቆሎ «ሁሳ» ይባላል፤ በቆሎ ጭነው ወደ ታች የሚወርዱት ሁዠር የተባሉት ለዚያ ነው የሚልም አለ። ጄኮብ ፓያት ዳን የተባለ የኢንዲያና ታሪክ ጸሐፊ ይህን ፈትሾታል። ዳን ከነዚያ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነውን የማያሚ ሕዝብን ቋንቋ ራሱ ያጠና ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ቃል አላገኘም።

እነዚህ ተረቶች ለምን እንደሚጣፍጡ የእኛ ሰው በደንብ ያውቃል። «ጎንደር» የሚለው ስም «ጎን እደር» ከሚል ትእዛዝ መጣ ሲባል ያልሰማ አለ? ድምፁ ይገጥማል፤ ታሪኩ አጭር ነው፤ ልጅ እንኳ አይረሳውም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። እውነተኛ የቃል ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ጣፋጭ አይደለም። ካዛንቺስን ይውሰዱ። ከጣልያን ወረራ ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ድርጅት አሕጽሮተ ስም የመጣ ነው። ደረቅ ነው፤ ወግ አይሆንም። ግን እውነቱ ያ ነው።

እኔ የቃል አመጣጥ ታሪክ ሲነገረኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ታሪኩ ቃሉ በተወለደበት ዘመን ተጽፎ ይገኛል ወይስ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ብቅ አለ? ሁለተኛ፣ ድምፁ በምን መንገድ ተለወጠ? ሦስተኛ፣ ለምን እዚህ ብቻ ሆነ? የጎረቤትዎ ታሪክ በሦስተኛው ይወድቃል። «ማነው እዚያ» የሚባለው በር ባለበት አገር ሁሉ ነው። ታዲያ ኬንታኪዎች ለምን ሁዠር አልተባሉም? በር አልነበራቸውም?

የዘመን ጥያቄው ለእኛም ይሠራል። «ሀበሻ» በዐረብኛ ድብልቅ ማለት ስለሆነ ስድብ ነው እያሉ የሚከራከሩ አሉ። የቃሉ ዘር ግን በደቡብ ዐረቢያ ጥንታዊ ጽሑፎችና በ4ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ ላይ «ሐበሠት» ሆኖ የአገርና የሕዝብ ስም ነው። ስሙ ከወሬው ይበልጣል፤ በዕድሜ ማለቴ ነው። የሁዠር ተረቶችም በዚህ ሚዛን ሲቀመጡ ይቀልላሉ።

ከተረቶቹ የሚሻለው የዳን መላ ነው። በ1907 ባሳተመው ጥናት ሁዠር ከኢንዲያና በፊት የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ቃል እንደነበረ ያስረዳል። በቴነሲና በካሮላይናዎቹ ተራሮች ገጠሬ፣ ሸካራ፣ ከተማ ያላየ ሰው ማለት ነበር። ከተሜውና ባለጸጋው በየጥጉ ያለውን ድሃ ነጭ ገበሬ የሚንቅበት ቃል ነው። ገበሬው ወንዙን ተሻግሮ ኢንዲያና ሲገባ ስሙም አብሮት ተሻገረ። ይህን እስከዚህ ድረስ አብዛኛው አጥኚ ይቀበለዋል፤ እኔም እቀበላለሁ። ዳን ከዚያ አልፎ ቃሉን ሰሜን እንግሊዝ ድረስ ወሰደው። በካምበርላንድ ገጠር «ሁዘር» ማለት ያለ ልክ ትልቅ የሆነ ነገር ነው ይላል። ከዚያ የመጡ ሰዎች የደቡቡን ተራሮች መስፈራቸው እውነት ነው። ሆኖም ከካምበርላንድ እስከ ቴነሲ ያለውን መንገድ የሚያሳይ ጽሑፍ የለም። መሐሉ ተበጥሷል። ይሆናል ማለት ይቻላል፤ ነው ማለት አይቻልም።

የባለቤትዎ ሰባኪ ማን ነበር? ሃሪ ሆዠር ይባላል። ስሙ በተለያየ አጻጻፍ ይገኛል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሜቶዲስቱ ጳጳስ ፍራንሲስ አስበሪ ጋር በፈረስ እየዞረ የሰበከ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ መጽሐፍ ቅዱሱን በቃሉ ይዞ ነበር። ነጮች ሳይቀሩ እሱን ለመስማት ይጎርፉ ነበር። በ1806 ዐረፈ። ዊልያም ፒርሰን የተባሉ የፊስክ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ፕሮፌሰር በ1995 ያቀረቡት ሐሳብ እንዲህ ነው። ድሃ ነጮች የሆዠርን ስብከት ሲከተሉ፣ ሌሎች ነጮች «የጥቁር ሰባኪ ተከታዮች» ብለው ለማዋረድ በስሙ ጠሯቸው፤ ያ ስድብ ወደ ምዕራብ ሄዶ ኢንዲያና ላይ ተቀመጠ።

እኔ ይህን ሐሳብ ሳነብ እውነት ቢሆን ብዬ ተመኝቻለሁ። ቆንጆ ነው። ድምፁም ከሌሎቹ ሁሉ በተሻለ ይገጥማል፤ ሰውየውም በእውነት የነበረ ሰው ነው። ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ሰባኪውን ከቃሉ ጋር የሚያያይዝ የዚያ ዘመን ጽሑፍ፣ አንድ ደብዳቤ እንኳ፣ አልተገኘም። ስሙን ያነሡት ሰዎች ስለ ኢንዲያና አላወሩም፤ ስለ ኢንዲያና ያወሩትም ስሙን አላነሡም። ስለዚህ ልጅዎ ልትጽፈው ትችላለች፤ «አንድ ምሁር እንዲህ ብለው ገምተዋል» በሚል ብቻ። «ከዚህ የመጣ ነው» ብላ ከጻፈች ተሳሳተች።

ስድብ ሆኖ የተወለደ ስም እንዴት መኩሪያ ይሆናል ብለው ከጠየቁ፣ አሜሪካ ውስጥ ይህ የተለመደ መንገድ ነው። ሰሜን ካሮላይናዎች «ታር ሂል» ይባላሉ፤ ተረከዙ ሬንጅ የነካው እንደ ማለት ነው። ከጥድ ለመርከብ የሚሆን ሬንጅ መሳይ ጥቁር ፈሳሽ ያወጡ ስለነበር የተሰጣቸው የድሃ ሠራተኛ ስም ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲያቸው ይኮራበታል። ዊስኮንሲኖች ባጀር የሚባሉት በ1820ዎቹ እርሳስ ለማውጣት መጥተው ቤት ስላልነበራቸው እንደ አውሬው የኮረብታ ጎን ቦርቡረው ያደሩ ማዕድን ቆፋሪዎችን ይዘው ነው። የኦክላሆማዎቹ ይብሳል። በኤፕሪል 22 ቀን 1889 መሬት ለሰፋሪ ሲከፈት ተኩስ ሳይሰማ ማንም እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ቀድመው ሹልክ ብለው የገቡትን «ሱነር» አሏቸው። ሕገ ወጥ ማለት ነው እንግዲህ። አሁን ግዛቷ ራሷ በዚህ ስም ትጠራለች! የኦሃዮዋ ኮለምበስ የምትኖሩ ደግሞ «ባክአይ» ናችሁ። እሱ እንኳ ስድብ አልነበረም፤ ፍሬው የአጋዘን ዓይን የሚመስል ዛፍ ነው። ፍሬው መርዝ ነውና ልጆች ለቅመው እንዳይበሉት። በቸኮሌትና በለውዝ ቅቤ የሚሠራው ከረሜላ ሌላ ነው፤ እሱን ይብሉ።

ሁሉም ግን አልተሳካለትም። በዚያው በ1830ዎቹ ሚዙሪዎችም ኢሊኖይዎችም የየራሳቸው አጸያፊ ቅጽል ነበራቸው፤ ትተውት ጠፋ። ኢንዲያናዎች የያዙት ፊንሊ ቀድሞ የስድቡን ፊት ወደ መልካም ስላዞረላቸው ይመስለኛል። ስድቡን ሌላው ሳያጠነክረው እነሱ ቀድመው ዘፈኑበት።

ያም ሆኖ የድሮው ትርጉም አልሞተም። የአክስትዎ ልጅ ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሴንት ሉዊስ ውስጥ ሁዠር ከኢንዲያና ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ያልተማረ፣ ሥርዓት የጎደለው፣ ግቢው ውስጥ የተበላሸ መኪና የሚያቆም ነጭ ማለት ነው። ቶማስ መሪ የተባለ የቋንቋ አጥኚ በ1980ዎቹ የከተማዋን ስድቦች ሲመረምር ይህ ቃል ከዋነኞቹ ሆኖ አግኝቶታል። የደቡቡ አሮጌ ትርጉም እዚያ ሳይታጠብ ቀርቷል ማለት ነው። ከኢንዲያናፖሊስ ሴንት ሉዊስ በአይ 70 አውራ ጎዳና የአራት ሰዓት መንገድ ገደማ ነው። ጠዋት ማዕረግ ይዘው ይነሣሉ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ተሰድበው ይደርሳሉ። ስለዚህ ጥንቃቄ አንድ፦ ሴንት ሉዊስ ሲሄዱ ቃሉን ማንም ላይ አይወርውሩ፤ በቀልድም ቢሆን። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ግን ችግር የለውም፤ ያ ቡድን መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

መዝገበ ቃላት ላይም ያጋጥምዎታል። በ1987 የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲራክዩስን 74 ለ73 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። ያኔ የኒው ዮርኩ ሴናተር አልፎንስ ዳማቶ ተናደዱና አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ይዘው ሴኔቱ ውስጥ የሁዠርን ክፉ ፍቺ አነበቡ፤ ሥራ የማይችል፣ ያልሠለጠነ ገጠሬ። የኢንዲያናው ሴናተር ዳን ኩዌል፣ በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ አሳታሚውን ፍቺውን ቀይሩልኝ አሉ። ብልህና አሸናፊ የሚል ቢጨመርበት ደስ ይላቸው ነበር። አሳታሚው እምቢ አለ። ትክክልም ነበር። መዝገበ ቃላት ሰው የሚለውን ይመዘግባል እንጂ ማንንም አያሞግስም። ጥንቃቄ ሁለት እንግዲህ፦ ልጅዎ መዝገበ ቃላት ከፍታ ክፉውን ፍቺ ብታነብ አይደንግጡ፤ የየትኛው ሰፈር ፍቺ እንደሆነ ይንገሯት።

ኢንዲያናዎች የፈለጉትን ያገኙት ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሌላ በር ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ማተሚያ ቢሮ ሰነድ ሲጻፍ የየግዛቱ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚደነግግ መመሪያ አለው። እስከዚያ ድረስ ከኢንዲያና ስም በቀጥታ የወጣ መጠሪያ ነበር የሚያዝዘው፤ የአገሩ ሰው የማይለው። የግዛቱ ሁለት ሴናተሮች ጠየቁ፤ በጃንዋሪ 2017 መመሪያው ተለውጦ «ሁዠር» ገባ። ይፋ የሆነው ያኔ ነው።

ይፋ ነው ማለት ግን ቅጽ ላይ ይሞላል ማለት አይደለም። ጥንቃቄ ሦስት፦ የመንጃ ፈቃድ፣ የትምህርት ቤት ወይም የኢሚግሬሽን ቅጽ ስትሞሉ የመኖሪያ ግዛት በሚለው ቦታ የሚጻፈው «ኢንዲያና» ነው። ሁዠር ዜግነት አይደለም፤ የነዋሪነት ማስረጃም አይሆንም። ይህን የምለው ቀልድ ስለፈለግሁ አይደለም፤ ጠይቀውኝ ያውቃሉ።

ከውጭ የመጣ ሰው ሁዠር ይባላል ወይ? አንዳንድ የአገሩ ሰው እዚያ ያልተወለደን አይጨምርም። አልፎ አልፎ ሲከራከሩም ይሰማሉ። የዕለት ንግግሩ ግን ነዋሪን ነው የሚለው። ደግሞስ የመጀመሪያዎቹ ሁዠሮች ራሳቸው ከየት መጡ? ወንዝ ተሻግረው ነው። አለቃዎ «ሆነሻል» ስትልዎት «የእኛ ሰው ነሽ» ማለቷ ነው። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ አይቀየሙ፣ ስሙን ይቀበሉ፣ በሚቀጥለው ስትጠራዎት «አዎ፣ ሁዠር ነኝ» ይበሏት። ያኮረፈ ፊት አሳይተዋት ከሆነም ትርጉሙን ሳላውቅ ነው ቢሏት ትስቃለች።

ለልጅዎ ደግሞ የተረቶቹን ዝርዝር አልመክርም። አራተኛ ክፍል ኢንዲያና ውስጥ የግዛቱ ታሪክ የሚጠናበት ክፍል ነው፤ አስተማሪዋ የጆሮውን ቀልድ ስንት ጊዜ እንዳነበበችው ይገምቱ። ይህን በራሷ እንግሊዝኛ ታድርገው፦ «ሁዠር የኢንዲያና ሰው ማለት ነው። ቃሉ መጀመሪያ በደቡብ ግዛቶች ለገጠር ሰው የተሰጠ የንቀት ስም እንደነበር ይታመናል። በ1831 በአንድ ደብዳቤ ውስጥ የጀልባ ስም ሆኖ ተጽፏል። በ1833 ጆን ፊንሊ ግጥም ጻፈበትና ሕዝቡ ወደደው። ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። በጣም የሚወራው ታሪክ ‹ማነው እዚያ?› የሚለው ነው፤ ግን ማስረጃ የለውም። አንድ ምሁር ከሰባኪው ከሃሪ ሆዠር ስም መጥቶ ይሆናል ብለዋል።» የጎረቤታችሁንም ታሪክ አላስቀረንም፤ ሽማግሌው ቢያነቡት አይከፋቸውም።

አስተማሪዋ «ታዲያ መልሱ የታለ?» ካለቻት የ1833ቱን የሲንሲናቲ ጋዜጣ ትንገራት። እነሱም ያኔ ይህንኑ ሲጠይቁ ነበር።